የሐሙሱ ጢስ

«ካልመጣች ቦታውን ለተጠባባቂ እንሰጠዋለን» ያሉት፣ ያ ተጠባባቂ የማን ልጅ ይሆን?

ጥሩሸዋ ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ከጆሮዋ ሳታወርደው ያሰበችው ይኼንኑ ነው። እሱም አያት አለችው? መስኮት ሥር ቁጭ ብላ ደወሉ አልደወሉ እያለች የምትብሰለሰል? ወይስ አዲስ አበባ መኻል ቤት ያለው፣ ይኼ ቢያመልጠው ሌላ የማያጣ ልጅ ነው? ይኼን ብታውቅ ልቧ ወደ አንዱ ያዘነብልላት ነበር። ግን ማንን ትጠይቃለች? የደወለችው ልጅ ድምፅዋ የለዘበ፣ ንግግሯ የፈጠነ፣ «እናቴ፣ ይጻፉት» ብላ አስጽፋ፣ «አደራ እንዲነግሯት» ብላ ዘግታለች።

ጥሩሸዋ እስከ አራተኛ ክፍል ተምራለች፤ ጻፈችው። ከልጅ ልጇ ከእፀገነት አሮጌ ደብተር የኋላውን ቅጠል ቀድዳ፣ በእርሳስ፣ «ሰኞ ጧት ሁለት ሰዓት ቦሌ። የትምህርት ማስረጃ ዋናው። መታወቂያ። ካልመጣች ተጠባባቂ» አለች። እጅ ጽሑፏ ዛሬም ጥሩ ነው። ከዚያ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠችው። ዕለቱ ዓርብ ነበር።

ስልኩ ከመስኮቱ ጋር በሱፍ ክር የታሰረው ያለ ነገር አይደለም። ሳር አምባ ከቀየት ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቆላውን ከላይ የሚያይ። ኔትወርክ የሚሉት ነገር ቤቱ ውስጥ የሚገባው በዚያች መስኮት ብቻ ነው፤ አንድ ስንዝር ዝቅ ካደረጉት ይጠፋል። እፀገነት ከኅዳር መግቢያ ጀምሮ ከዚያ አላነሣችውም። ደብረ ብርሃን ሄዳ የአየር መንገዱን ማሠልጠኛ ፈተና ተፈትና ነበር፤ የአውሮፕላን ጥገና። ያለፈውን እንደውልለታለን አሏቸው። ይኸው ሠላሳ ሁለት ቀን። ውኃ ስትወርድ፣ አውድማ ስትውል፣ «እምዬ፣ ስልኩን አደራ» ሳትል ደፍ አትሻገርም።

እፀገነት የልጇ የጌታነሽ ልጅ ናት። ጌታነሽ ራቤል አገር ተድራ ስድስት ወለደች፤ ሦስተኛይቱን ጡት እንዳስጣለች «ለእናንተ ምርኩዝ ትሁን» ብላ አመጣቻት። ምርኩዝ ሆነች። እንጨት ለቀማ፣ ኩበት ጥፍጠፋ፣ የሽማግሌው አያቷን መድኃኒት ሰዓት ጠብቆ መስጠት፣ ሁሉ በእሷ ነው። ያቺ ልጅ ብትሄድ ከሁለት ሽማግሎች አንዱ ሌላውን ይቀብራል፣ የቀረውን ማን ይቀብረዋል? ጥሩሸዋ ይኼን ስታስብ ሱፍ ማበጠሪያው እጇ ላይ ይቆማል። መንገዱስ? ባለፈው ወር ተዘጋ ተብሎ የጎረቤታቸው የመኳንንት አይሱዙ ዘጠኝ ቀን ደብረ ብርሃን ቆሞ ከርሟል። ሚስቱ ዘጠኙንም ቀን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነው ያደረችው። ደግሞ ያ ፎቅ ፎቅ ያለው አገር፣ ያ ሁሉ መኪና፣ ዘመድ የሌለበት... ልጅቱ ሲበርዳት አትናገርም እኮ። ከንፈሯ ሲጠቁር ነው የሚታወቅባት። ያን ማን ያይላታል?

ይኼ ሁሉ እውነት ነው። ግን ወረቀቱን መቀነቷ ውስጥ የከተተው ይኼ ብቻ እንዳልሆነ ጥሩሸዋ ታውቃለች።

እፀገነት ፀሐይ ሳትጠልቅ ገባች፤ ፀጉሯ ላይ ገለባ፣ ቅንድቧ ላይ የገብስ ብናኝ።

«እምዬ፣ ደወሉ?»

«ማን ይደውላል? የመኳንንት ሚስት ድንች ልካልሻለች፤ ብዪ።»

«እኔ ስለ ድንች ነው የጠየቅሁሽ?»

«ጾም ሲሆን ስለ ድንች ነው የሚጠየቅ። ብዪ፣ ሳይበርድ።»

ልጅቷ ወደ መስኮቱ ሄዳ ስልኩን አየችው። ያልተነሣ ጥሪ የለም። የተነሣ ደግሞ ፊቱ ላይ ምልክት አይተውም፤ ጥሩሸዋ የተማመነችው ያን ነበር። እፀገነት ስልኩን መልሳ አንጠለጠለችውና ድንቿን መላጥ ጀመረች።

ደጃፉ ላይ፣ የሽመና ዕቃቸው ውስጥ እግራቸውን የዘረጉት ጋሼ ትዕዛዙ ሳይዞሩ ሳቁ። ጥሩሸዋ ከተዳረችበት ቀን ጀምሮ ባሏን ጋሼ እንዳለች ነው፤ በስምንት ዓመት ይበልጧታል። «በዓርብ ምን ይደውላሉ? የአየር መንገድ ቀኑ ሐሙስ ነው» አሉ።

«አባባ፣ የርስዎ ሐሙስ ካለፈ አምሳ ዓመት ሆነው እኮ።»

«አምሳ አንድ ከመንፈቅ።»

«እንዲያው መቼ ይሆን የሚረሱት?»

«አውሮፕላኑ ሲወርድ» አሉና መወርወሪያቸውን ወረወሩ።

ሌላው ሽማግሌ የነገሥታት ዘመን ሲቆጥር ጋሼ ትዕዛዙ የአውሮፕላን ዘመን ይቆጥራሉ። ጌታነሽ የተወለደችው «ዳኮታው በቀረ በወሩ» ነው፤ ወንድማቸው የሞተው «ጄቱ ከመጣ በአሥር ዓመቱ»። የአየር መንገዱን ታሪክ እንደ ገድል አንድም ሳይዘሉ ያውቁታል። ከጣሊያን በኋላ፣ በሠላሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ከጦርነት የተረፉ ዳኮታ የሚሏቸው አውሮፕላኖች ከአሜሪካኖች እንደተገዙ፤ የመጀመሪያው በአስመራ በኩል ካይሮ እንደ ደረሰ፤ ወንበሩ እንደ ዛሬው በተርታ ሳይሆን በግራና በቀኝ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ሰዉ እንደ ማኅበርተኛ ፊት ለፊት ተያይቶ እንደሚቀመጥ፤ መኻሉ ላይ ቆዳና የቡና ጆንያ እንደሚከመር። መጀመሪያ ፈረንጆቹ ነበሩ የሚያበሩት፣ ኋላ የኛ ልጆች ተማሩና መሪውን ያዙ። ከልደታው አሮጌ ሜዳ ወደ ቦሌ ተሻገሩ። ጋሼ ትዕዛዙ ልደታንም ቦሌንም በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ካይሮንማ ተዉት። የሚያውቁት አንድ ሜዳ ነው። ከደጃፋቸው ወጥቶ እስከ ገደሉ አፋፍ የሚዘልቀውን፣ ሳሩን በግ የሚነጨውን የሳር አምባን ሜዳ።

በዚያ ሜዳ ላይ ሐሙስ ሐሙስ አውሮፕላን ያርፍ ነበር። የመንዝ ሰው ስሙንም «ሐሙሴ» ነበር የሚለው። መኪና መንገድ ሳይኖር፣ ሰው በበቅሎ ሦስት ቀን በሚጓዝበት ዘመን፣ ሐሙሴ ሩብ ሰዓት ቆማ ቅቤና ቆዳ ጭና፣ ፖስታና በሽተኛ ተሸክማ ትሄዳለች። ትዕዛዙ የሜዳው ጠባቂ ነበሩ። ተሳፋሪውን ከነስልቻው በእህል ሚዛን መዝነው ለካፒቴኑ ይነግራሉ፤ ወፍራም ሴት ስትመጣ ሰዉ ይስቃል፤ እሳቸው ግን አይስቁም። ሜዳውን ከበግ ያጸዳሉ። በጉስ ጥሩ ነው፣ ተቆጥተውት ይነሣል። ያስቸገረው ጭላዳ ዝንጀሮ ነው። ጭላዳ አውሮፕላን ሲያርፍ ማየት ይወዳል፤ ከገደሉ ወጥቶ በተርታ ይቀመጣል፣ እንደ ሹም።

ደግሞ የነፋሱ ነገር አለ። ከላይ ያለው ሰው ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ካላየ አያርፍም። ለዚያ ብሎ ዋናው መሥሪያ ቤት እንደ እጅጌ የተሰፋ ስስ ጨርቅ ልኮ ነበር፤ እንጨት ላይ ይሰቀልና ነፋሱ ሲሞላው ይንሳፈፋል። በሁለተኛው ክረምት በረዶ ቦጫጨቀው። የሳር አምባ ሰዎች ታዲያ፣ የሱፍ አገር ሰው አይደሉ፣ ለመንግሥት እንዲህ ያለ ስስ ነገር አይገባም ብለው ተሰብስበው ፈትለው፣ እንደ ዝተት ብርድ ልብስ ጥቅጥቅ አድርገው ሠርተው ሰቀሉ። ያንን የሚያህል ያማረ ሥራ አልታየም። ነፋሱ ጣራ እየገነጠለ እሱ ንቅንቅ አይልም። ጉም ሲያረጥበው ደግሞ እንደ ታረደ በግ ወደ ታች ይዘረጋል። ካፒቴን አብነት፣ ሐሙሴን የሚያበሩት፣ ያን ዕለት ሦስት ጊዜ ዞረው ካረፉ በኋላ እንጨቱ ሥር ቆመው በሳቅ እንባ አውጥተዋል። «በሉ ይኼን ለብሳችሁ ተኙበት። ለኔ ጢስ አሳዩኝ» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ጢስ ሆነ። የሞተሩ ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ ሜዳው ጫፍ ላይ እሳት ይለኮሳል፤ እርጥብ የጓሳ ሣር ይጨመርበታል፤ ካፒቴኑ ነጩ ጢስ የዘመመበትን አይተው ይወርዳሉ። ጢስ ከሌለ ሜዳው ዝግ ነው፤ ሕጉ ይኸው ነበር። ጢሱን የምታጤሰው ጥሩሸዋ ነበረች። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። ዛሬም ድረስ እርጥብ ጓሳ ሲጤስ ከሸተታት ባሏ ከሜዳው ወዲያ ጫፍ እጃቸውን ዓይናቸው ላይ ጋርደው ወደ ሰማይ ሲያንጋጥጡ ይታያታል። ያን ፊት የመሰለ ፊት አይታ አታውቅም። እሷን ሲያዩ እንኳን እንደዚያ አይበራም ነበር። ያን ፊት ስትናፍቅ አረጀች።

በስድሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ትዕዛዙ ከግራው ሞተር ሥር ሁለት የዘይት ጠብታ ሳሩ ላይ አዩ። ሌላ ማንም አላየውም። ሰው ሳይሳፈር ሞተሩ ታየ፣ የላላው ብሎን ጠበቀ። ካፒቴን አብነት ትከሻቸውን ይዘው እንዲህ አሉ፦ «ይኼ ዓይን እዚህ በግ ሲያባርር አይኖርም። ለጥገናው ክፍል ተናግሬልሃለሁ። የሚመጣው ሐሙስ ተዘጋጅተህ ጠብቀኝ።»

ጥሩሸዋ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። እናቷ ከሞተች ዓመት አልሆናትም። ያ ሜዳ ደግሞ የወሰደውን ሲመልስ አይታ አታውቅም። የቄስ ወልደ ሰንበት ልጅ በሐሙሴ ሄዶ በዚያው ቀርቷል። ጎረቤቷ እመት ወለተ ኢየሱስ ባሏን ለሐኪም ብላ አሳፍራ፣ የመጣላት ጋቢው ብቻ ነው። «ወር ሳይሞላ መጥቼ እወስድሻለሁ» አሏት ባሏ። ሁሉም እንዲያ ነው የሚለው።

ሐሙስ ደረሰ። ትዕዛዙ ካባታቸው የወረሱትን ኮት ለብሰው፣ ስልቻቸውን ይዘው፣ ከሜዳው ወዲያ ጫፍ ጭላዳውን ሊያባርሩ ሲሄዱ ከኮታቸው ኪስ ክብሪቱን አወጡና መዳፏ ላይ አኑረው ጣቶቿን አንድ ባንድ አጠፉላት። «ድምፁን ስትሰሚ ለኩሺ፤ ጓሳውን ጨምሪበት። ሌላ የለም» አሉ።

ድምፁን ሰማች። ከመርሐቤቴ በኩል ነው ሁልጊዜ የሚመጣው፤ መጀመሪያ እንደ ንብ፣ ከዚያ እንደ ወፍጮ። እጇ አልታዘዛትም ብትል ውሸት ነው፤ እጇ ደኅና ነበር። ክብሪቱም ደረቅ ነበር። የጓሳው ክምር ላይ ቁጭ አለች። ሐሙሴ አንድ ጊዜ ዞረች። ትዕዛዙ ከወዲያ ጫፍ እጃቸውን ያወናጭፋሉ። ሁለተኛ ዞረች። ጉሙ ከቆላው ተነሥቶ የገደሉን አፍ መሙላት ጀምሯል። ሦስተኛ ስትዞር እጅግ ዝቅ አለች፤ ጥሩሸዋ የመስኮቱን ሰው ፊት ያየች መስሏታል። ከዚያ አፍንጫዋን ወደ ላይ አቅንታ ሄደች። ባሏ እየሮጡ እስኪደርሱ ጊዜ ነበራት። የክብሪቱን ሳጥን በሬ የረገጠው ጭቃ ውኃ ውስጥ ነክራ አወጣችው።

«ጢሱስ?»

«ክብሪቱ ረጥቦብኝ።»

ሳጥኑን ተቀብለው አዩት። የኮታቸውን ኪስ በእጃቸው ዳሰሱት። በሚቀጥለው ሐሙስ ዝናብ ነበር፤ ክረምት ገባና ሜዳው ጨቀየ። መስከረም ሲጠባ አገሩ ሌላ አገር ሆነ፤ ሐሙሴም፣ ካፒቴን አብነትም አልመጡም። ቆይቶ መኪና መንገድ ወጣ፣ ሜዳውን በግ ወረሰው።

ሰውየውን አስቀረቻቸው። ዓይናቸው ግን ሄደ። አምሳ አንድ ዓመት አብረው ኖሩ፤ አልመቷት፣ ክፉ አልተናገሯት፣ ልጅ አሳደጉ፣ በርኖስ ሠርተው ሸጡ። ዛሬ ትልልቆቹ አውሮፕላኖች በመንዝ ሰማይ ላይ ነጭ መሥመር እያሰመሩ ሲያልፉ ሽማግሌው ሥራቸውን ያቆማሉ። «ይኼ ሰፊው ነው፣ ባሕር የሚያሻግረው» ይላሉ። ቀና ይላሉ፣ የግራ ኪሳቸውን በመዳፋቸው ዳሰስ ያደርጋሉ፣ ከዚያ መወርወሪያቸውን ያነሣሉ። ጥሩሸዋ ያን ዳሰሳ የመቁጠሪያቸው ነገር ነው ስትል ኖራለች።

ቅዳሜ ነጋ። አመዳይ መሬቱን አንጥቶት ነበር። ረፋድ ላይ ጎረቤታቸው መኳንንት፣ ባለ አይሱዙው፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«ጋሼ ትዕዛዙ፣ መንገዱ ተከፍቷል። ነገ ጎሕ ሲቀድ እነሣለሁ። ደብረ ብርሃን የሚላክ ነገር ካለ?»

«አንድ በርኖስ ነበረኝ፤ አላለቀም።»

«አንቺስ እፁ፣ የምትልኪው የለም?»

«እኔን የሚልከኝ ጠፋ እንጂ» አለች እፀገነት፣ ኩበት ከምታነሣበት ቀና ሳትል። «አልፈውኛል መሰል።»

«ጋቢና ባዶ ነው። ከሄድሽ እስከ ማታ ንገሪኝ፤ ለሰው ሳልሰጠው።» ወደ ጥሩሸዋ ዞረ። «እማማ፣ ምነው ዛሬ ዝም አሉ? ሌላ ቀን ጎማውን አይተሃል፣ ፍሬኑን ነክተሃል እያሉ ያስጨንቁኝ የለ?»

«ጎማውን አየህ?» አለች ጥሩሸዋ።

መኳንንት እየሳቀ ሄደ። ወረቀቱ ወገቧ ላይ እንደ ፍም ይሰማታል። እስከ ማታ፣ አለች በልቧ። እስከ ማታ ዝም ካልኩ ነገሩ ራሱ ያልቃል። ሰኞ ያልፋል። ልጅቷ ጥቂት ታለቅሳለች፣ ከዚያ ትረሳዋለች፤ ወጣት ነች። ከዚያ ወደ ደጃፉ ቀና ስትል ጋሼ ትዕዛዙ መወርወሪያውን ይዘው፣ ሳይወረውሩት፣ ወደ ደመናው ሲያዩ አየች። ወጣት ነበሩ እኮ እሳቸውም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽማግሌው ሬዲዮናቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ሳምንቱን ሙሉ ሲጠብቁት የነበረ ዝግጅት ነው፤ የአየር መንገዱ ሰማንያኛ ዓመት። እፀገነትም ገብታ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ተራኪው ከሠላሳ ስምንት ጀመረ። ጋሼ ትዕዛዙ ከእሱ ቀድመው ይናገራሉ፤ «ካይሮ» ይላሉ፣ እሱም ካይሮ ይላል፤ «አሁን ጄቱን ይጠራል» ይላሉ፣ ይጠራል። እፀገነት ሳቀች። ከዚያ ሰውየው በድሮ ጊዜ ዳኮታዎች ሣር ላይ ያርፉባቸው የነበሩ ሜዳዎችን እጠራለሁ አለ። ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ።

«ጎሬ» አለ ሬዲዮው። «ደምቢዶሎ። መንዲ። ጎባ።» ጋሼ ትዕዛዙ ለእያንዳንዱ ስም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ተዝካር ላይ የሙታን ስም ሲጠራ እንደሚሰማ ሰው። «ደብረ ታቦር። ሞጣ። ላሊበላ።» ሌላም ጠራ፣ ሌላም። ከዚያ ሙዚቃ ገባ።

«ሳር አምባ ከሙዚቃው በኋላ ይሆናል» አሉ።

ከሙዚቃው በኋላ የእግር ኳስ ዜና ሆነ። የመጀመሪያውን ጨዋታ ውጤት እስኪናገሩ ድረስ ታገሡት፤ ከዚያ ዘጉት።

«ረስተውን ነው እንጂ አባባ...» አለች እፀገነት።

«አልፈርድባቸውም። ጢስ ያላሳየ ሜዳ ማን ያስታውሰዋል?» ሬዲዮኑን ከጉልበታቸው አንሥተው አጠገባቸው አስቀመጡት። «ስሚኝ ልጄ። አይደውሉ ይሆናል። ባይደውሉ ያንቺ ጥፋት አይደለም፤ ተፈትነሻል፣ ጠብቀሻል። ሰው አገር የሚጠበው ጥፋቱ የራሱ ሲሆን ነው። እኔ ያን ሌሊት ክብሪቱን ኮቴ ኪስ ውስጥ አሳደርኩት። በጉም አገር ሰው ክብሪት ኪሱ ውስጥ ያሳድራል? እናቴ እንኳ ከምድጃው በላይ ነበር የምትሰቅለው። ለሚስቴ እርጥብ ክብሪት ሰጥቼ፣ እርጉዝ ሴት እዚያ ብርድ ላይ አቁሜ... እሷ ላይ አንድ ቀን አፌን አልከፈትኩም። ምን ብዬ? ይኸው እስከ ዛሬ ይኼን ኪስ እዳስሳለሁ።» መዳፋቸው ደረታቸው ላይ ነበር።

ጥሩሸዋ መቀነቷን ፈታች። ለምን እንደምትፈታው ለራሷም ሳትነግር ነው የፈታችው። ወረቀቱ እግሯ ሥር ወደቀ። አንሥታ ለልጅቷ ሰጠቻት።

እፀገነት አነበበችው። ደግማ አነበበችው። «የቱ ሰኞ ነው?»

«ከነገ ወዲያ።»

«መቼ ደወሉ?»

«ትናንት። አንቺ አውድማ ሳለሽ።»

«ትናንት ጠይቄዎት ነበር» አለች ልጅቷ። እምዬ አላለቻትም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ አንቺ ትላት የነበረችውን እርስዎ አለቻት፤ እንደ ሩቅ ሰው። «ድንች ብዪ አሉኝ።»

«ብያለሁ።»

«አንቺ ሰው፣ ምን ነክቶሽ ነው?» አሉ ጋሼ ትዕዛዙ። አልጮሁም። ጮኸው አያውቁም።

«ፈራሁ።»

«ምኑን?»

«መንገዱን። ብርዱን። ብቻችንን መቅረቱን።» ጥሩሸዋ ዓይኗን ከምድጃው አላነሣችም። ይኼን ብላ ብታቆም ይበቃ ነበር፤ ይቅር የሚሉት ፍርሃት ነው። ግን መዳፋቸው አሁንም ኪሳቸው ላይ ነው። «ጋሼ፣ ክብሪቱም አልረጠበም ነበር።»

«የቱ ክብሪት?» አሉ።

«የሐሙሱ። ደረቅ ነበር። ጭቃ ውስጥ የነከርኩት እኔ ነኝ፣ እርስዎ ሲሮጡ ሳይ። ኪስዎ ምንም አላጠፋም። ጓሳው ላይ ተቀምጬ ካፒቴኑ ሲዞሩ አየኋቸው። ሦስት ጊዜ።»

ደጅ በጎቹ እየገቡ ነበር፤ የአንዲቱ ደወል ብቻ ይሰማል። እፀገነት አንዴ አንዷን፣ አንዴ ሌላውን አየች፤ ነገሩ ከእሷ በላይ፣ ከእሷም በፊት መሆኑ ገብቷት ቀስ ብላ ተነሣች፣ ከአልጋው ሥር ሣጥኗን ሳበች። የትምህርት ማስረጃዋን ከላስቲክ አውጥታ አየችውና መልሳ ከተተችው። መታወቂያዋን ከመጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ አወጣች። ሹራቧን አጠፈች።

«የታችኛውን ልበሺ፣ ወፍራሙን» አለች ጥሩሸዋ።

«መኳንንት እስከ ማታ ነው ያለው» አለች እፀገነት ለሣጥኑ። «ለሰው ሳይሰጠው የሚነግርልኝ ሰው...»

ጋሼ ትዕዛዙ ከሽመናው ውስጥ እግራቸውን አንድ በአንድ አወጡ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ሲነሡ ግድግዳውን ይዘው ነው፤ ዛሬ አልያዙም። በርኖሳቸውን ከምሰሶው አወረዱና ለበሱ። ዱላቸውን አነሡ። ደጃፉ ጋ ደርሰው ተመለሱ። ጥሩሸዋ አሁን ይናገራሉ ብላ አንገቷን ደፋች። እሳቸው ግን ከምድጃው በላይ፣ የቤቱ ክብሪት ከሚቀመጥባት ጎድጓዳ፣ ሳጥኑን አወረዱ፤ ከፊቷ በርከክ ብለው መዳፏ ላይ አኖሩት፤ ያን ጊዜ እንዳደረጉት፣ ያረጁ ጣቶቿን አንድ ባንድ አጠፉላት።

ወደ መኳንንት ቤት የሚወስደው መንገድ ሜዳውን አቋርጦ ነው። በሩን ከፍተው፣ ለልጅቷ ጋቢናውን ሊያስይዙ ወጡ።